ትርፍ

«ትርፍ እንዳትጭን!» አለኝ፣ አጂፕ ጋ ትራፊክ፣
«ከእንግዲህ በባጃጅ ሁለት ሰው ነው ልክ።»
እኔ እንኳን ትርፉ፣ ልኩም ናፍቆኝ ነበር፣
ከሄርማታ ኮቺ ባዶዬን ስበር።

ትርፍ ማለት ለእኛ፣ ሦስት እግር ለምንነዳ፣
ከሹፌሩ ጎን ነው፣ ተለጥፎ የሚሄድ፣ አንድ ቂጡ ሜዳ፤
የወተቱ እሱ ነው፣ እሱ ነው የኪራይ፣
ማታ ኪስ ሲራገፍ ቀርቶ የሚታይ።
ያ ቀረ።

ዩኒቨርሲቲውም ተማሪውን ሸኘ፤
በሩ ላይ ያ ሁሉ ወረፋ አንድ ውሻ ሆኖ ተገኘ።
መንገዱ ጭር ቢለኝ ሞተሬን ሳጠፋ፣
አዌቱን ሰማሁት፣ ከድልድዩ ሥር ሲያንኮራፋ፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስመላለስበት፣
ድምፅ እንዳለው አላውቅም፣ ሽታ እንጂ ያለበት።

እናቴ ካጋሮ ደወለች አንድ ማታ፤
ያቺ የስልክ ሴትዮ ከእኔ በፊት አንስታ
«እጅዎን ይታጠቡ፣ ይራራቁ» ብትላት፣
«ትርፌን ፈተሃት ነው? ይቺ ደግሞ ማናት?»
ትርፌ ሰምታ ሳቀች፣ ወጡ እስኪያር ድረስ፤
ሚስቴ ከሳቀች ነው የምትጀምረው ማስነጠስ፤
ረስቼው ነበር።
(ጎረቤት መስኮቱን ዘጋ። ያን ሰሞን ማስነጠስ አያስቅም ነበር።)

ከሰዓት ሥራ የለም። ቦሳ አዲስ፣ ቤቴ፣ በቀን ገባሁ።
በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ለሚገባ
ቤት ማለት አልጋ ነው።
ለካ ስምንት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ በመስኮት ትመጣለች፣
ጥግ ካለችው በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣
እንደ ባለ ቀጠሮ፤
ሩብ ሰዓት ነው የምትቆየው፤
ከዚያ የጅማ ዝናብ ይደርሳል፣ ቆርቆሮ ለቆርቆሮ።

ሲፈን፣ ልጄ፣ የሬዲዮኑን ትምህርት ልትጽፍ
እርሳሷን በግራ እጇ አነሳች።
«በግራ ነው እንዴ የምትጽፊው?» አልኳት።
የተሳሳተ በር እንዳንኳኳ ሰው አየችኝና
«ሁሌም» አለች።
ሰባት ዓመቷ ነው።
ሁሌም።

አባ ዲጋ ደግሞ፣ የአጥር ጎረቤቴ፣
«ሞተሩ ንጋት ላይ ካልጋዬ ነቀለኝ» ብሎ
ቀበሌ ድረስ ከስሶኝ የነበረው፣
ባጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ አፉን በጋቢው ሸፍኖ፣
«ምነው ጠፋህ?» አለኝ፤
«ያ ጩኸትህ ከቀረ ወዲህ ሱብሒ እያመለጠኝ ነው።»
ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ተኳርፈን
በሁለት እርምጃ ርቀት ታረቅን።
ከዚያ ወዲያ ተሳፋሪ ባይኖርም
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በፒጃማ እወጣና
አስነስቼ፣ ሁለቴ አስጩኼ፣ አጠፋት ነበር፤
ለእሱ።

ሐምሌ ላይ ሞተ። በምን እንደሆነ የነገረን የለም።
ሃምሳ ሰው ብቻ ይቅበር ተባለ፤
ያ፣ ሀገር ሊወጣለት የሚገባ ሰው።
ሁለት ሁለት እርምጃ ተራርቀን ብንሰለፍ
የፊቱ ድልድዩን ሲሻገር
የኋላው ገና ከበሩ አልተነሳም።
ከማዶ ያየን መንገደኛ
«የማን ነው እንዲህ ያለ ትልቅ ቀብር?» አለ።
ደግ ነገር ነው አልልም።
ቆጥሬዋለሁ ግን።

አሁን ጭንብሉ መስተዋቴ ላይ ተንጠልጥሎ አቧራ ይጠጣል፤
ትርፉም ተመልሷል፣ አንድ ቂጡን ሜዳ ጥሎ ይቀመጣል፤
ትራፊኩ ያፏጫል፣ እኔም እቀጣለሁ።
ብቻ ወደ ስምንት ሰዓት ግድም
ፈረንጅ አራዳ ጋ ፌስታል ያንጠለጠሉ ሰዎች
«ኧረ ጫነን! ባዶ እኮ ነህ!» ሲሉኝ፣
ወደ ቤት እየታጠፍኩ፣ እጄን ወደ ውጭ አውጥቼ፣
«ሞልቷል» እላለሁ።